አውራ ጣት

ባንኩ ተዘግቷል።
የብረት መዝጊያው ወርዷል፣ ከመስተዋቱ ስሙ ተልጧል፣
በሦስት ቋንቋ የተጻፈ፣ ወረቀት ተለጥፏል፤
ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛ፣ ከሥሩ ሩስኛ፣
አንድ ፊደል የለም፣ የሚናገር ለእኛ።
ሎተሪ ሻጩ ዲማ፣ ከዳሱ ብቅ ብሎ፣
አውራ ጣቱን ከጆሮው፣ ትንሿን ከአፉ ሰቅሎ፣
ስልክ ሆኖ አሳየኝ። ገባኝ ነገርየው፦
ባንኩ አልሞተም አሉ፣ ስልክ ውስጥ ነው ያለው።

ይርገዱ ነኝ። እዚሁ አፉላ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
ጎህ ሳይቀድ የገባሁ፣ ያን ባንክ ለማጽዳት።
የበሩን መክፈቻ፣ ካንገቴ አንጠልጥዬ፣
ከሁሉ እቀድም ነበር፣ በቀኝ እጄ ባልዲዬ።
መስኮት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ወለሉን፣ ደረጃውን፣
ሰው ክርኑን የሚያሳርፍበትን፣ ረጅሙን ጠረጴዛውን፣
በበረኪና ፈተግሁ፣ ዓይን በሚያነደው፤
ጓንት አልቋል ሲሉኝ፣ በባዶ እጅ ነው።

ዜሃቫ ነበረች፣ መስኮት ቁጥር ሁለት፣
መነጽሯን በክር፣ ያንጠለጠለች ሴት።
ጡረታ ሲገባ፣ ወሩ በሃያ ስምንት፣
ቁጥር ቆርጬ እጠብቃለሁ፣ ተቀምጬ በኩራት፣
ባጸዳሁት ወንበር።
ስንት እንዳለኝ ብጠይቅ፣ ጮክ ብላ ሳትናገር፣
በቁራጭ ወረቀት፣ ጽፋ ትገፋው ነበር።

አሁን የልጅ ልጄ፣ ሞራን፣ ከጦር ሰፈር መጣች፣
ጠመንጃዋን ሶፋው ሥር፣ ገፋ አድርጋ አስቀመጠች።
«እማ፣ ቀላል ነው» አለች። ቀላል ነው የምትለኝ
ነገር ሁሉ ምነው፣ ሳምንት የሚወስድብኝ።
መታወቂያዬን አነሣች፣ በፊትም በኋላም፣
ቀጥሎ ፊቴን፤ «አትሳቂ፣ ስትስቂ አያውቅሽም!»
ስድስት ቁጥር መጣ፣ ሳላየው በረረ፣
ሁለተኛው መጣ፣ እሱም ሳይቆይ ከሰረ።
ሦስተኛውን ጮኬ ጠራሁት፤ ሞራን ደነገጠች፣
«ለማንም አይነገርም፣ ለእኔም ቢሆን» አለች፤
«ባንክ ነኝ የሚል ቢደውል፣ ዝጊበት» አለችኝ።
በሩን ሳይሰናበት፣ ባንኩ አይደል የዘጋብኝ?

«አሁን አውራ ጣትሽን፣ እዚህ ላይ አድርጊ፤
የባንኩ ቁልፍ እሱ ነው፣ ሌላ አትፈልጊ።»
አደረግሁ። «ድገሚ።» ደገምሁ። «ጥረጊው።» ጠረግሁ።
በቀሚሴ አሸሁ፣ እፍ ብዬም ሞከርሁ።
ስልኩ ተንቀጠቀጠ፣ «አላውቅሽም» ዓይነት፣
የግራውን ብሰጠው፣ ያንኑ መለሰለት።
ሞራን እጄን ይዛ፣ ወደ መብራት አቀረበች፣
አገላብጣ አየችው፤ ቆይታ ዝም አለች።
ልሙጥ ነው። መስመር የለው። እንደ ወንዝ ጠጠር።
«እማ፣ አሻራሽ የት ሄደ?»

የት ይሄዳል ልጄ።
መስኮት ቁጥር ሁለት፣ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፣
ከበሩ እጀታ ጋር፣ ተወልውሎ አደረ።
የስንቱን ሰው አሻራ፣ ከመስተዋት ሳነሣ፣
የራሴን አብሬ፣ ጠርጌው ኖሯል ለካ።

«እንግዲያው ቁጥር ምረጪ፣ ስድስት፣ የማትረሺው፤
የልደት ቀን አይሁን፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው።»
የልደት ቀኔንማ፣ እኔስ መች አውቀው፤
ሎድ ስንወርድ ነው፣ ጸሐፊ የሰጠው።
ግን አንድ ቁጥር አለ፣ ጣቴ የሚያስታውሰው፣
በጨለማ ገብቼ፣ መብራት ሳላበራ የምነካው፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በየማለዳው፣
የማንቂያ ደወሉን፣ ዝም የማሰኘው።
ስንት እንደሆነ፣ ለእናንተም አልነግርም፤
ሞራን ከልክላኛለች።
ነካሁ።
ተከፈተ።

መብራት ከፈልሁ፤ ለሞራን ሃምሳ ሼቅል፣ ለቡሬካስ ሰደድሁ፤
ከዚያ ቀሪዬን ከማየቴ በፊት፣ ግራ ቀኙን አየሁ።
ወረፋ የለ፣ ከኋላዬ የሚያስል ሽማግሌ የለ፣
ወረቀት የሚገፋልኝ እጅም የለ።
መስተዋቱ ላይ ጣቴ፣ ቅባት ትቶ ሄዷል፣
መስመር የሌለበት፣ ጭጋግ ብቻ ይመስላል።
በቀሚሴ ጫፍ፣ ልማድ ነው፣
ወለወልሁት።